የጎንጎላ ሸለቆ ደራዎች፦ ስለ ኑሯቸው፣ ስለ እምነታቸውና ስለሚያስፈልጋቸው ነገር

የጣና ልጅ (ክሩን የከፈቱ)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

ተወልጄ ያደግሁት በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ፣ ከሐሙሲት ከተማ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው። ለተማሪዎቼ ስለ ወረዳችን አጭር ጽሑፍ ሳዘጋጅ የቦታውን ስም በኢንተርኔት ብፈልግ ከአርሲው ደራና ከሰሜን ሸዋው ደራ ጋር በሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ የሚኖር አንድ ሕዝብ ስም አብሮ ወጣልኝ። የስሙ መመሳሰል አጋጣሚ ብቻ ስለሆነ በእሱ ላይ የምገነባው ነገር የለኝም፤ ሆኖም ያን ቀን ስለ እነሱ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ልቤ እዚያ ቀርቷል፤ ለዚህ ነው ጉዳዩን ወደ እናንተ ያመጣሁት።

ደራዎች የሚኖሩት ጎንጎላ የተባለው ወንዝ ከጆስ አምባ ወርዶ ከቤኑዌ ወንዝ ጋር ወደሚገናኝበት ሲቃረብ በሚያቋርጠው ቆላማ ሸለቆ ነው። ዋና መኖሪያቸው በአዳማዋ ግዛት ውስጥ ሸለንግ የሚባለው አካባቢ ሲሆን፣ ከፊሎቹ ደግሞ በቦርኖ ግዛት ሻኒ በሚባለው አካባቢ ይገኛሉ። ራሳቸውን ደራ ብለው ሲጠሩ ሌሎች ሕዝቦችና የቀድሞ መጻሕፍት ግን ካናኩሩ ይሏቸዋል። የሸለንግ ባህላዊ ገዢ «አምና ሸለንግ» የሚል ማዕረግ አለው። ሕዝቡ በአብዛኛው ገበሬ ነው፤ ማሽላ፣ ኦቾሎኒና ባቄላ ይዘራል፤ ከወንዙም ዓሣ ያጠምዳል።

በይበልጥ የሳበኝ ቋንቋቸው ነው። የደራ ቋንቋ የቻድ ቋንቋዎች ከሚባለው ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን የሐውሳ የሩቅ ዘመድ፣ የታንጋሌ ደግሞ የቅርብ ዘመድ ነው። የቻድ ቋንቋዎችና የእኛ ሴማዊ ቋንቋዎች አፍሮ እስያዊ በሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ አብረው ይቆጠራሉ፤ በሐውሳ «ሙቱ» ማለት «ሞተ» ማለት መሆኑን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ዝምድናውን በጆሮው ያገኘዋል። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ፖል ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት የሰዋስው ጥናት እንዳሳዩት፣ በደራ ቋንቋ «መጣ» ወይም «ወጣ» እንደሚሉት ያለ ኢተሻጋሪ ግሥ ከኋላው የባለቤቱን ተውላጠ ስም ደግሞ ያስከትላል። ሰዋስው ለማስተማር ሃያ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ለቆምኩት ለእኔ ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ስለ ትንንሽ ሕዝቦች በአጭሩ የሚጻፉ መግለጫዎች ሁሉ መልካቸው አንድ ነው፤ ስሙ ይጠቀሳል፣ ቁጥሩ ይሰጣል፣ ስንት በመቶው ሙስሊም፣ ስንት በመቶው ክርስቲያን እንደሆነ ይነገራል፣ ከዚያም «የሚያስፈልጋቸው» በሚል ርዕስ ሥር ጥቂት መስመሮች ይጨመራሉ። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 ሕዝቧን ስትቆጥር ስለ ብሔረሰብም ሆነ ስለ ሃይማኖት አልጠየቀችም፤ ስለዚህ ስለ ደራዎች የሚሰጥ መቶኛ ሁሉ ግምት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው 20,000 የሚለው የሕዝብ ቁጥርም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ የመጣ ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የደራ ሕዝብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ቋንቋው በጽሑፍ ዳብሮ በትምህርት ቤትና በጸሎት ቤት እንዲሰማ ነው። እስልምናም ሆነ ክርስትና ወደ እነሱ የደረሱት በአብዛኛው በሌላ ሰው ቋንቋ ነውና። የሚቃወም ካለ በምክንያት ይቃወመኝ።

የነቀምቴው

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ስለሆንኩ ስለ ክርስትናው በኩል የማውቀውን ልጨምር።

በዚያ አካባቢ ያለችው ትልቋ ቤተ ክርስቲያን የናይጄሪያ የክርስቶስ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ናት፤ መቀመጫዋም ከሸለንግ በስተደቡብ፣ ጎንጎላና ቤኑዌ በሚገናኙበት በኑማን ከተማ ነው። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1913 በኑማን የጀመሩት ኒልስ ብሮኑም የተባሉ ዴንማርካዊ ሐኪምና ሚስዮናዊ ነበሩ። በሽታን ማከም፣ ፊደል ማስቆጠርና ወንጌል መስበክ ከመጀመሪያው አብረው የሄዱ ሥራዎች ናቸው፤ ይህ እኛ በወለጋ ከምናውቀው ታሪክ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱም ሆነች የእኛ መካነ ኢየሱስ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባላት ስለሆኑ ሩቅ የምንላቸው ሰዎች በጉባኤ አብረውን ይቀመጣሉ።

ሌላም ማገናኛ አለ። የአዲስ አበባው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ከ1963 ጀምሮ ደርግ እስከወረሰበት እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ በብዙ ቋንቋዎች ሲያሰራጭ፣ ከካሜሩን ንጋውንዴሬ የሚዘጋጅ የፉልፉልዴ ዝግጅት ከእኛው ከተማ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይተላለፍ ነበር። ፉልፉልዴ ደግሞ በአዳማዋ ገበያ ሁሉ የሚሰማ ቋንቋ ነው። የኔ አባት በነቀምቴ ሆነው በሚሰሙት ጣቢያ፣ በሌላ ሰዓትና በሌላ ቋንቋ፣ የዚያ ሸለቆ ሰው ያዳምጥ እንደነበር ሳስብ ደስ ይለኛል።

በቋንቋው ነገር ከመምህር ጋር ነኝ። መጽሐፍ ቅዱስ በሐውሳ ሙሉ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1932 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በሰሜን ናይጄሪያ ብዙ ትንንሽ ሕዝቦች የሚጸልዩት በሐውሳ ነው። እኛ ግን ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ደክመው በ1899 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን በኦሮምኛ ስላስረከቡን፣ አያቴ ማንበብ ባትችልም ሲነበብላት የምታለቅሰው በራሷ ቋንቋ ነበር። ይህን ያየ ሰው «ሐውሳ ይበቃቸዋል» ለማለት አይደፍርም።

ሐይቅ ዳር

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ ሙስሊም ነኝ፤ እናቴ የክርስቲያን ልጅ ነበረች። ስለዚህ «ስንት በመቶ» የሚለውን ቆጠራ ሳነብ መምህር ከተሰማቸው በላይ ይሰማኛል።

እንዲህ ያሉ መግለጫዎች አንድን ሕዝብ ሲመለከቱ እስልምናውን እንደ ጉድለት፣ ክርስትናውን እንደ ጅምር ሥራ፣ የአያቶቹን ሥርዓት እንደ ጨለማ ይጽፉታል። በአዳማዋ እስልምና የትናንት እንግዳ አይደለም፤ ሞዲቦ አዳማ የአዳማዋን ኤምሬት ከመሠረቱ ሁለት መቶ ዓመት አልፏል። በእርግጥ የዚያ ዘመን ታሪክ ጦርነትም፣ ባርነትም፣ ግብርም ያለበት ስለሆነ በሸለቆው ያሉ ሕዝቦች ሁሉ በአንድ ዓይን አያስታውሱትም። ቢሆንም ዛሬ የሚሰግድ አንድ የደራ ገበሬ ሃይማኖቱ የአባቱና የአያቱ ነው፤ «ገና ያልተደረሰበት» ተብሎ ሊቆጠር አይገባውም። ክርስቲያኑ ወንድሙም እንዲሁ የዴንማርክ ቅጥያ አይደለም። ሁለቱም በአንድ ግቢ ሲኖሩ፣ በሰርግና በለቅሶ አብረው ሲቀመጡ፣ የአያቶቻቸውን ሥርዓት ደግሞ በየራሳቸው መንገድ ሲያከብሩ ወይም ሲተዉ የምናየው ነገር ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም።

መምህር «እስልምናም በሌላ ሰው ቋንቋ ደረሰ» ያሉት ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም። እኛ ዘንድ ዓረብኛ የሶላት ቋንቋ ሆኖ ሳለ መንዙማው በአማርኛ ተገጥሞ በዓረብኛ ፊደል፣ በአጀም ተጽፎ ኖሯል። ሐውሳና ፉልፉልዴም ረጅም የአጀም ታሪክ አላቸው። ስለዚህ ሃይማኖት ቋንቋን የሚያጠፋ ብቻ ሳይሆን የሚያሳድግም ነው፤ ጥያቄው በመስጊዱም ሆነ በቤተ ክርስቲያኑ የደራን ቋንቋ የሚወድ ሰው መድረክ ማግኘቱ ነው። የደራ ቋንቋ ጉዳይ የአንዱ ወገን የስብከት መሣሪያ ተደርጎ ከተያዘ ግን ሌላው ወገን ከቋንቋው ይርቃል፤ ያኔ ቋንቋው ከሁለቱም ወገን ይጠፋል ብዬ እሰጋለሁ።

የጣና ልጅ

እህቴ፣ ያሉትን ተቀብያለሁ። «የጸሎት ቤት» ብዬ ስጽፍ በልቤ የነበረው ቤተ ክርስቲያን ብቻ እንደነበር አሁን አስተዋልኩ፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ ግን ልጨምር። የናይጄሪያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ስድስት የትምህርት ዓመታት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ የሚያዝ ፖሊሲ አጽድቆ ነበር፤ በ2025 ግን ሽሮት ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። በእኛ አገር በ1994 እ.ኤ.አ. ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ያየሁትን ስለማስታውስ፣ ለአንድ ቋንቋ መጽሐፍ፣ መምህርና መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ሦስት ዓመት ምንም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ትልልቆቹ ቋንቋዎች ከዚህ መመለስ የሚጎዱት ጥቂት ነው፤ እንደ ደራ ያለው ግን ገና ሳይጀምር በሩ ተዘጋበት።

አዋሽ 60

ሁላችሁንም በጥሞና አንብቤ ዝም ለማለት አልቻልኩም። እኔ የመስኖ መሐንዲስ ነኝ፤ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ብዙ ዓመት በአዋሽ ሸለቆ፣ ጥቂት ጊዜም በናይጄሪያ በቤኑዌ ተፋሰስ ሠርቻለሁ። እስካሁን ስለ ደራዎች ስትጽፉ ወንዙን ለጌጥ ያህል አንሥታችሁ አልፋችሁታል። ይቅርታ ይደረግልኝና የዚያን ሕዝብ ኑሮ ያለ ወንዙ መናገር አይቻልም።

ኪሪ የሚባል ግድብ በሸለንግ አስተዳደር ውስጥ፣ በጎንጎላ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1982 ተጠናቅቋል። ርዝመቱ 1.2 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው 20 ሜትር የሆነ የአፈር ግድብ ሲሆን፣ ሐይቁ 615 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ተደርጎ ነው የታቀደው። የተሠራው በኑማን አካባቢ ያለውን ሰፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻና የስኳር ፋብሪካ በመስኖ ለማልማት ነበር። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፦ ግድቡና ሐይቁ ያለው በደራዎች አገር ነው፤ ውኃው በቦይ ተጉዞ የሚያጠጣው አገዳ ደግሞ ታች፣ በሌላ ሕዝብ መሬት ላይ ነው። መሬቱ በውኃ የተዋጠበት ገበሬና በውኃው ያተረፈው ባለሀብት አንድ ሰው አይደሉም።

ነገሩን በእኛ ቃል ላስረዳ። መምህር የደራ ወረዳ ሰው ስለሆኑ የጉማራ ወንዝ ሲሞላና የፎገራ ሜዳ ውኃ ሲተኛበት፣ ክረምቱ ሲወጣ ውኃው እየሸሸ የሚለቀው መሬት «ውኃ ሸሽ» እንደሚባልና ያለ ዝናብ እህል እንደሚበቅልበት ያውቃሉ። በሐውሳ ይህን መሬት «ፋዳማ» ይሉታል። በቤኑዌና በጎንጎላ ዳር ያለ ገበሬ በደረቁ ወራት የሚበላው ከፋዳማው ነው። ግድብ ሲሠራ ግን ሙላቱ ይቀንሳል፣ የበጋው ፍሰት ይጨምራል፤ በኪሪ ሥር የበጋው አነስተኛ ፍሰት በሰከንድ ከ5.7 ወደ 21 ሜትር ኩብ ገደማ እንዳደገ፣ ወንዙም እንደጠበበና ቅርንጫፎቹ እንደቀነሱ ተጠንቷል። ለፓምፕ ባለቤት ይህ መልካም ዜና ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ውኃ ያገኛል። ሙላትን ጠብቆ ለሚዘራ ሰው ግን ሙላቱ ያልደረሰበት ፋዳማ ተራ መሬት ነው። የሸለቆውን ጠርዝ ያጠግብ የነበረው ደለልም ሐይቁ ውስጥ ይቀራል።

ይህን የምናገረው ግድብ ጠላት ሆኖብኝ አይደለም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ግድብና ቦይ በመሥራት ነው። ቆቃ በ1960 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ፣ ከዚያም በመተሐራ አገዳ ሲተከል የከረዩ ከብቶች የበጋ ግጦሻቸውን እንዳጡ በሥራ ዘመኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያኔ ግን በሠራተኞቹ ስብሰባ ላይ «የከብቶቹስ ነገር?» ብዬ አልጠየቅሁም። ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ ይዤው እኖራለሁ። ስለዚህ ስለ ደራዎች ፍላጎት ከጠየቃችሁኝ መልሴ ቀላል ነው፦ የግድቡ በር መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ በሐይቁ ዳር ለመስኖ የሚሆን መሬትና ውኃ ድርሻ ይኑራቸው፤ የሚጠገነውም ለአገዳው ሲባል ብቻ አይሁን። ቋንቋው የተራበ ገበሬ ልጅ ከሸለቆው ወደ ዮላና ወደ አቡጃ ሲሰደድ ነው የሚጠፋው።

እሙ ነርስ

አባቴ አዋሽ 60፣ የጻፉትን አንብቤ እንባ ተናነቀኝ። በጤናው በኩል ያለውን እኔ ልጨምር፤ በቆላ በሽታዎች መከላከል ላይ ስለምሠራ ያ ሸለቆ በሥልጠናችን ውስጥ ስሙ በተደጋጋሚ ይነሣል።

በመጀመሪያ ኦንኮ። ወደ ጎንጎላ የሚገባው የሐዋል ወንዝ ሸለቆ በጥቁር ዝንብ የሚተላለፈውና ዓይን የሚያጠፋው ይህ በሽታ መንደሮችን እንዴት ባዶ እንደሚያደርግ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጠናበት ስፍራ ነው። ሰዎች ለም የወንዝ ዳር መሬታቸውን ትተው ወደ ደረቁ ኮረብታ ሸሽተዋል። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይቨርሜክቲን በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ነገሩ እጅግ ተሻሽሏል፤ በእኛም አገር በጅማና በከፋ የሚታደለው ይኸው መድኃኒት ነው። ቀጥሎ ቢልሃርዚያና ወባ አሉ፤ እነዚህ ደግሞ ሐይቅና ቦይ ባለበት ሁሉ የሚከተሉ ናቸው፤ ወንጂና መተሐራ የሠራ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ሆኖም ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው እባብ ነው። በቤኑዌና በጎንጎላ ሸለቆ ገበሬውን የሚገድለው አንድ ትንሽ፣ ቡናማ፣ ቅርፊቱን እርስ በርስ እያፋተገ የሚያንሿሿ እፉኝት ነው። በዘርና በአጨዳ ወቅት፣ ባዶ እግሩን ወይም በነጠላ ጫማ ማሳ የገባውን ሰው ይነድፋል። መርዙ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ሰውየው ከድዱና ከቁስሉ ይደማል፤ ሳይታከም ከቀረ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በዚያ አካባቢ ለዚህ ሕክምና የታወቀው ሆስፒታል በጎምቤ ግዛት ካልቱንጎ ይገኛል። ካልቱንጎ የታንጋሌዎች አገር ነው፤ መምህር «የቅርብ ዘመድ» ያሏቸው መሆናቸው ነው። ምርመራው ቀላል ነው፦ የታካሚው ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ተቀድቶ ለ20 ደቂቃ ሳይነካ ይቆያል፤ ከዚያ ሲዘነበል ካልረጋ መርዙ በሰውነቱ ተሠራጭቷል ማለት ነው። ማርከሻው መድኃኒት በትክክል ከተሰጠ ብዙ ጊዜ ሰውየው ይድናል። ችግሩ መድኃኒቱ ውድ መሆኑ፣ አለመገኘቱና ሰው ዘግይቶ መምጣቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉት የቆላ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ችላ መባሉን ለማመን እንኳ ይህን ያህል ጊዜ ወሰደ።

የቋንቋውን ነገር የምደግፈው ከዚህ ተነሥቼ ነው። በሙያዬ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ፦ ወጣቶቹ የገበያውን ቋንቋ ያውቃሉ፤ ቤት ውስጥ «ሐኪም ቤት ይሂድ» ወይም «ቁስሉን ብጡት» ብለው የሚወስኑት ግን አያቶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ነገሩን የሚመዝኑት በራሳቸው ቋንቋ ነው። በእኔ የሥራ ቦታም በአማርኛ የታተመ ማስጠንቀቂያ አማርኛ በማይነገርበት ቀበሌ ተለጥፎ አይቻለሁ፤ ከአንዲት እናት ጋር በአስተርጓሚ ስንነጋገር «ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ የግብር መስሎኝ ነው» አለችኝ። ልጇን ዘግይታ ነበር ያመጣችው።

ታዛቢ

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ለአገራችን ሕመምተኛ፣ ለአገራችን ተፈናቃይ፣ በአገራችን ለሚጠፉት ቋንቋዎች ያልደረስን ሰዎች ስለ ጎንጎላ ብንጽፍ ለማን ይጠቅማል?

የጣና ልጅ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልመልስ። ባለፉት ቀናት በዚህ ክር ስለ ፎገራ ውኃ ሸሽ፣ ስለ ከረዩ ግጦሽ፣ ስለ ወሎ ግቢ፣ በማይገባ ቋንቋ ስለተለጠፈ ወረቀት ተነጋግረናል፤ እነዚህ ሁሉ የእኛ ናቸው፤ የተነሡት ግን ሌላውን ሕዝብ በእርጋታ ስለተመለከትን ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በዚህ መድረክ ላይ በናይጄሪያ የሚኖሩ ወገኖች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ምናልባት ከምንጽፍለት ሕዝብ መካከል የሆነ ሰው ያውቅ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ካለ እባክዎ ይናገሩ።

ከአቡጃ

መምህር፣ አለሁ። ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ እያነበብኩ የምናገረው እስኪኖረኝ ጠብቄ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ የሸለንግ ተወላጅ አለ፤ ስሙን እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ አልጽፍም። የጻፋችሁትን በእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ሁለት ምሳ ሰዓት ሙሉ አነበብኩለት።

እሱ ክርስቲያን ነው፤ ታላቅ እህቱ ሙስሊም ናት። ይህን ሲነግረኝ እንደ ልዩ ነገር አልነገረኝም። ስለ ግድቡ የተጻፈውን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀና አባቱ ለልጆቹ ዓሣ በየትኛው ወር የት እንደሚገኝ በቃል ያስጠናቸው እንደነበር፣ ያ እውቀት ግን ወንዙ ሲለወጥ እንደማይሠራ ነገረኝ። ስለ እባቡ ሲሰማ ሱሪውን ሰብስቦ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለ ጠባሳ አሳየኝ፤ በልጅነቱ ተነድፎ፣ ቦታው በምላጭ ተበጥቶና ጥቁር ድንጋይ ታስሮበት፣ በሦስተኛው ቀን በሞተር ብስክሌት ሐኪም ቤት ደርሶ ነው የተረፈው።

«የሚያስፈልጋችሁ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው ግን ለጥያቄዬ ቶሎ አልመለሰልኝም። ይልቅ ስለ ፊደላችን ጠየቀኝ፦ ልጆቻችሁ ፊደል የሚቆጥሩት በስንት ዓመታቸው ነው? እዚህ አቡጃ የተወለዱት ልጆችህስ ይጽፉታል? እውነቱን ነገርኩት፤ ትልቋ ታነባለች፣ ትንሹ ስሙን ብቻ ይጽፋል። እሱም የእሱ ልጆች በሐውሳና በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚናገሩ፣ ከእናቱ ጋር በስልክ ሲነጋገሩ እሱ መካከል ላይ ቆሞ እንደሚተረጉም ነገረኝ። «በልጆቼና በእናቴ መካከል አስተርጓሚ ሆኜ መቅረቴ ያመኛል» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ውኃው፣ ስለ መንገዱና ስለ መድኃኒቱ የዘረዘረልኝ፤ አንዱም ከእናንተ ዝርዝር የራቀ አይደለም።

ሐይቅ ዳር

ወንድማችንን በእኛ ስም ሰላም በልልን። እህቱንም ጭምር።

እሙ ነርስ

ወንድሜ ከአቡጃ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። በስልክ ተቀድቶ በየሰው እጅ ሊዞር የሚችል አራት አረፍተ ነገር ጽፌያለሁ። ጓደኛህ ወደ ደራ ቋንቋ ቢመልሳቸው፣ ከተቻለም በእናቱ ድምፅ ቢቀዱ፣ ወረቀት ከማያነብ ሰው ዘንድ ይደርሳሉ። ከመሠራጨታቸው በፊት የአካባቢው ሐኪም እንዲሰማቸው ይሁን። እነሆ፦

እባብ የነደፈውን ሰው አታስሩ፣ አትብጡ፣ በአፍም አትምጠጡ። የተነደፈውን እግር ወይም እጅ ሳታንቀሳቅሱ በእንጨት ደግፉ። ሰውየው ደህና ቢመስልም በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ከድድ ደም መውጣቱ ደሙ መርጋት እንዳቆመ ያሳያልና አትጠብቁ።

አዋሽ 60

እሙ፣ የግድቡ በር ሊከፈት ሲል የሚነገር አንድ አረፍተ ነገር እኔም እጨምራለሁ። አጭር አደርገዋለሁ።

ከአቡጃ

ትናንት ማታ ላክሁለት። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ዛሬ ጠዋት በድምፅ ቀድቶ መለሰልኝ፤ ቋንቋውን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፤ መምህር ያሉት የግሡ ጭራ በጆሮዬ ገባ መሰለኝ፤ ቅጂውን በግል እልክልዎታለሁ። አራተኛው ላይ ግን ቆሟል። ደም «ረጋ» የሚለውን ቃል በሐውሳ ያውቀዋል፣ በእንግሊዝኛም ያውቀዋል፤ በገዛ ቋንቋው ግን አላስታወሰውም። ለእናቱ ደውሎ አላገኛትም። ዛሬ ከአስር ሰዓት ሶላት በኋላ ሻኒ ያለችውን አክስቱን ሊጠይቅ ነው፤ ከብት ሲታረድ ደሙ በሳህን ላይ ሲሆን የሚባለውን ቃል እሷ እንደማትረሳው እርግጠኛ ነው።